ዝም ያለው ቀፎ

አንድ ንብ አርቢ ነበረ። ቆይ፣ ያን ወረቀትህን ጉልበትህ ላይ አድርገውና ስማኝ። ጥያቄህ ገብቶኛል። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ብለው መረጡህ፤ ባለፈው ወር በጎረቤት ቀበሌ የደረሰው ነገር ሁላችሁንም አስደነገጣችሁ፤ አሁን ደግሞ «መምህር፣ ገና ክፉና ደግ ያልለየ ልጅ እንዴት መሞትን ያስባል? መነሻው ምንድን ነው? በተራ ቁጥር ይጻፉልኝና እሑድ ለወላጆች ላንብበው» ብለህ እኔ ዘንድ መጣህ። ተራ ቁጥር የለኝም። አርባ ዓመት ጠመኔ ይዤ በተራ ቁጥር ስጽፍ ኖሬ ምን እንዳተረፍኩ አሁን ትሰማለህ። ደግሞ ስትገባ ስለ ልጆችህ ጠይቄህ ነበር፤ የመለስክልኝን ይዤዋለሁ፤ አንተም አትርሳው።

እንግዲህ ይህ ንብ አርቢ የታወቀ ሰው ነበር። ጓሮው ውስጥ በጭቃና በእበት የተለቀለቁ ሃያ ያህል ቀፎዎች አጠና ላይ ተደርድረውለታል። ማር ያለው ሰው መቼም ሞልቷል፤ የዚህ ሰው ዝና ግን በጆሮው ነው። ከእርሻ ሲመለስ እህል ከመቅመሱ በፊት ጓሮ ይገባና ከቀፎ ቀፎ እየዞረ ጆሮውን ይለጥፋል። አውራው የሞተበትን ቀፎ በድምፁ ይለየዋል፤ ሐዘን የተቀመጠ ቤት ይመስላል ይላል። ጉንዳን የገባበትን፣ የራበውን፣ ሰሙን ትል የጀመረውን፣ ሁሉንም ሳይከፍት ያውቃል። ከሌላ ቀበሌ ድረስ እየመጡ ወስደው ቀፏቸውን ያስደምጡት ነበር።

ለሚጠይቀው ሁሉ የሚመልሳት ነገር ነበረችው። «የሚጮህ ቀፎ አያስፈራኝም» ይላል። «የሚጮኸው ገና ቤቴ ነው ብሎ ነው። የምፈራው ሲጮህ የኖረው ዝም ሲል ነው። ንብ ሊኮበልል ሲያስብ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ማሩን ይጨርሳል፣ እጭ ማሳደጉን ይተዋል፣ ቤቱን ባዶ አድርጎ ነው የሚሄደው። ደግሞ በአንድ ነገር አይሄድም። ጉንዳን ብቻውን አያስኮበልለውም፤ ረሃብ ብቻውን፣ ፀሐይ ብቻውን አያስኮበልለውም። ሲደራረብበት፣ የሚያይለትም ሲያጣ ነው።» ይህን ቃል ያዝልኝ፤ እንመለስበታለን።

ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት። ታላቂቱን አትጠገብ ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ራሱ ነው፤ የተወለደች ዕለት አይቶ አልጠገባትም። ነገሩ በሆነበት ዓመት አሥራ ሁለት ሞልቷት ስድስተኛ ክፍል ነበረች። ታናሿ ገና ስድስት ዓመቷ ነው። አትጠገብ ለፍላፊ ነበረች፣ አቤት ወሬ ስትወድ! ከትምህርት ቤት ስትመለስ ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ ነበር ከቤት የሚገባው። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ደብተር እንደጠፋ፣ መምህሩ ምን ብሎ እንዳስነጠሰ ሳይቀር ታወራለች። እናቷ «ኧረ ልጄ፣ እስቲ ትንፋሽ ውሰጂ» እያለች ትስቅባት ነበር።

በኅዳር እናትየው ታመመች፤ ሳምንት እንኳ ሳትቆይ ሞተች።

ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ልጅቱን ከበቧት። አንቺ ታላቅ ነሽ፣ አንቺ ካለቀስሽ አባትሽ ይሰበራል፣ ታናሽሽም ትደነግጣለች፣ በርቺ አሏት። በክፋት አይደለም፤ እኛ እንዲህ ነው የምናጽናናው። ልጅቱ የተባለችውን አደረገች። እንባዋን ዋጠች፣ ከእንባዋ ጋር ወሬዋንም ዋጠችው። አርባው ሲወጣ አገሩ ሁሉ ያመሰግናት ጀመር። እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ወጣት፣ አንገቷን የደፋች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ተባለላት። አባትዋም ኮራ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባልን ያደግን ሰዎች ነንና ልጅ ዝም ሲል ያደገ ይመስለናል። ያን ቤት ሲያደምቅ የነበረው ድምፅ የት ገባ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ እንሂድ። እዚያ አንድ መምህር አለ፣ የክፍሏ ኃላፊ። ማን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ነግሬህ ላስደንቅህ አልፈልግም፤ እኔ ነኝ።

ልጅቱ ጠዋት ውኃ ቀድታ፣ ታናሿን አብልታ፣ ቤት ጠርጋ ነው የምትመጣው። ታረፍዳለች። እኔ ደግሞ ያረፈደ ይንበረከካል የሚል ሕግ ነበረኝ፤ በሕጌም እኮራ ነበር። ለምን አረፈድሽ ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። እናቷ መሞቷን አውቃለሁ፤ ለቅሶ ደርሻለሁ፣ ሃምሳ ልጅ ፊት ግን ሰሌዳው ሥር አንበረከክኳት። እሷም አንድም ቀን አልተከራከረችኝም። እንደዚያ ተንበርክካ ሳለ አንድ ቀን ቀሚሷ ላይ ደም ታየ። ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፤ ነገሩ ምን እንደሆነ የሚነግራት እናት የላትም፤ ሕመም ነው ብላ ደነገጠች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔስ ምን አደረግሁ? ጠረጴዛውን በዱላ መታሁ፣ ዝምታ አልኩ፣ ትምህርቴን ቀጠልኩ። ልጄ፣ ተነሺ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ እንኳ አላልኳትም። አፈርኩ እንግዲህ፣ ወንድ ነኝ፣ ምን ልበላት? የእኔ ኀፍረት በለጠብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ስም አወጡላት። ስሙን አልነግርህም። በመንገድ ይጠሯታል፣ በውኃ ወረፋ ይጠሯታል፣ ሰሌዳው ላይ ጽፈው ይጠብቋታል፤ እኔ ጠዋት ጠዋት ያን ጽሑፍ በዳስተር አጥፍቼ ቀኑን እጽፍበት ነበር። አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋም ስሙ እንዳይጋባባት ፈርታ ወንበር ቀየረች። አትጠገብ ብቻዋን ተቀመጠች። በሴሚስተሩ መጨረሻ ካርዷን ስሞላ «ጠባይ» በሚለው መስመር ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። ሳልዋሽ፣ ከልቤ ነው የጻፍኩት። አልረበሸችኝም ነበርና።

ቤቷስ? አንድ ጠዋት «አባዬ፣ ትምህርት ቤት ባልሄድስ?» አለችው። እናትሽ ይህን ብትሰማ ምን ትል ነበር ብሎ ሸኛት። ከዚያ እህል እየተወች መጣች፤ ድርሻዋን ለታናሿ ትገፋላታለች። እሱ ለጎረቤቱ፣ ከአፏ ነጥቃ ታበላታለች፣ እናት ሆናላታለች እያለ ያወራ ነበር። ከዕለታት አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደግሞ እጁን ይዛ «አባዬ፣ ሰው ሲሞት እናቱን ያገኛታል?» ብላ ጠየቀችው። ንብ አርቢው ደስ አለው። ልጁ ስለ ነፍሷ ማሰብ የጀመረች መስሎት «ጽድቅ የሠራማ ያገኛል እንጂ ልጄ» ብሎ ግንባሯን ሳማት። በዚያ ሳምንት ለሰው ሁሉ ሲናገረው ነው የከረመው።

አየህልኝ? ከሃያ ቀፎ አንዱ ውስጥ ትል ስትላወስ የሚሰማ ሰው ነው ይሄ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስልሃል።

በሚያዝያ፣ አበባ በጠፋበት፣ ሰውየው ከሰዓት በኋላ ጓሮ ገብቶ እንደ ልማዱ ሲዞር አንደኛው ቀፎ ዝም አለበት። ትልቁ ቀፎ ነበር፣ ከአባቱ የወረሰው ዘር። በጆሮው ላይ ጆሮ ጨመረ፤ እንጃ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ትንፋሽ ያለ ነገር ነው እንጂ የለመደው ድምፅ የለም። ደነገጠ። ጉንዳን ገብቶ እንደሆነ ብሎ አጠናው ሥር አመድ ነሰነሰ። ርቦት እንደሆነ ብሎ በሶ በስኳር በጥብጦ አቀረበ። ፀሐይ መትቶት እንደሆነ ብሎ ቅጠል ቆርጦ አለበሰው። ከዚያ ተንበርክኮ ጆሮውን ለጠፈና ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ማዳመጥ ጀመረ። ለአንድ ቀፎ ንብ ዝም ያሰኘው ምን ይሆን ብሎ ሁሉንም ጠየቀ፤ እያንዳንዱንም በየተራ ፈተነው።

አትጠገብ ከትምህርት ቤት ተመለሰች። ደብተሯን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ገባችና ከጀርባው ቆመች።

«አባዬ» አለችው።

ዘወር ሳይል እጁን አነሣ። «እሽሽ፣ ዝም በይ» አላት። «ቀፎው ዝም ብሎብኛል፣ እያዳመጥኩት ነው።»

ጥቂት ቆመች። ከዚያ ሄደች። ኮቴዋ እንኳ አልተሰማም፤ ጨዋ ልጅ ናት እኮ።

ጥቂት ቆይቶ ታናሺቱ እየዘለለች መጣች። አንገቷ ላይ የእናቷ የብር መስቀል አለ። ያን መስቀል አትጠገብ ከኅዳር ጀምሮ ከአንገቷ አውልቃው አታውቅም፤ ስትተኛም ስትታጠብም አብሯት ነው። አባትየው በጎን አየውና፣ ከእህትሽ ሰርቀሽ ነው ብሎ ሊቆጣ ቃጣው። ልጅቱ ግን እንዳልሰረቀች ነገረችው። «ከእንግዲህ ያንቺ ነው አለችኝ። እርሳሶቿንም ሰጠችኝ። አባዬን እንዳታስቸግሪው አለችኝ» አለች።

ሰውየው ከቀፎው ላይ ጆሮውን አነሣ። ለሰው ሁሉ ሲያስተምረው የኖረው የራሱ ቃል ያን ጊዜ መጣበት። ማሩን ይጨርሳል፣ ቤቱን ባዶ አድርጎ ነው የሚሄደው። የበጠበጠው በሶ ተደፋ፤ የእሑዱ ጥያቄዋም ትዝ ብሎት፣ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ወደ እናቷ መቃብር ሮጠ።

ልጅቱ ምን ልታደርግ አስባ እንደነበር አልነግርህም። ለአንተም አይጠቅምህም፣ እሑድ ለሚሰሙህም አይጠቅማቸውም። እናቷ መቃብር አጠገብ ደረሰባት፤ በሕይወት ነበረች። ተመስገን በል፤ ግን ገና አልጨረስኩም።

መጀመሪያ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር። ዘጋው። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠና አቀፋት። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። «ልጄ፣ መሞት ፈልገሽ ነው?» ብሎ ጠየቃት። እሷም «አዎ» አለችው። ይህን አዎ ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ የኅዳሩ ለቅሶ ነው በሚያዝያ የወጣው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ነገርኩህ» አለችው። በቁጣ አልነበረም፤ የተጠየቀችውን እንደምትመልስ ተማሪ ነው የተናገረችው። «ትምህርት ቤት ባልሄድስ አልኩህ። እናቴን አገኛት እንደሆነ ጠየቅሁህ። ዛሬም መጥቼ ነበር፤ ዝም በይ አልከኝ።»

  ሰውየው እጇን ይዞ ጆሮውን ወደ እሷ አስጠጋ። እሱ ሲያዳምጥ እሷ ጥቂት በጥቂት ትናገር ጀመር፤ መንበርከኩን፣ ደሙን፣ ሳቁን፣ የወጣላትን ስም፣ ወንበር የቀየረችውን ጓደኛዋን፣ ቤት ውስጥ የእናቷን ስም የሚጠራ ሰው መጥፋቱን ነገረችው። የትኛው ነው ለዚህ ያደረሰሽ ብሎ ጠይቋት ነበር። አላውቅም አለችው። እውነቷን ነው፤ እኔም አላውቅም፣ አንተም በተራ ቁጥር አትጽፈውም። እያንዳንዱ ለብቻው ልጅ ይችለዋል። ተደራርቦ በአንዲት ልጅ ጫንቃ ላይ ወጣ፤ አንድ ሰው እንኳ አንዱን አላነሣላትም። ይልቅ ጫንቃዋ ስላልተንቀሳቀሰ አመሰገንናት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ትልቁ ቀፎ ባዶውን ቀርቷል፤ ንቡ ኮብልሏል። ሰውየው ይህን ያወቀው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ ጓሮ አልገባም።

አገሩማ መናገሩ አይቀርም። አንዱ ሰይጣን ነው የሰፈረባት አለ፤ አንዱ የልጅ ቅብጠት ነው፣ በደንብ ብትገረፍ ይለቃታል አለ። እሱ ከማንም አልተሟገተም። ጠበል አጠጣት፤ ጤና ጣቢያም ወሰዳት፤ እዚያ ያለችው ነርስ በሩን ዘግታ ሰዓት ሙሉ ሰማቻት፣ በየሳምንቱም እንድትመጣ ቀጠረቻት። እህቱን ከሩቅ አገር አስመጣ፤ ለሴት ልጅ የሚነገረውን እንድትነግራት፣ ጠዋትም ውኃውን እንድትቀዳላት። እሱ ደግሞ ከእርሻ ሲመለስ እጁን ይታጠብና ከልጁ አጠገብ ይቀመጣል። አንዳንድ ቀን ታወራለች፤ አንዳንድ ቀን ምንም አትልም። ብትልም ባትልም ይቀመጣል። ብዙ ወር ፈጅቷል፤ ድና እንደ ድሮዋ ለፈለፈች ብዬ ብነግርህ እዋሻለሁ።

አንድ ቀን እኔ ዘንድ መጣ። በትር ይዞ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ቢመታኝም እቀበል ነበር። የያዘው ግን ካርዷን ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋውና ጣቱን «ጠባይ» ከሚለው ላይ አሳረፈ።

«መምህር፣ እኔ ፊደል ብዙም አልዘለቅሁም» አለኝ። «ይህ ምን ማለት ነው?»

 «አላስቸገረችኝም ማለት ነው» አልኩት።

«እኔንም አላስቸገረችኝም» አለና ካርዱን አጥፎ ወጣ።

ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፣ የልጆች እናት። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች። ይቅር ብለሽኛል ወይ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። እፈራለሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ ምሳሌው ይህ ነው። ቀፎው ልጅ ነው። ጉንዳኑ በመንገድ የሚሰድበው፣ በክፍል የሚያንበረክከው ነው። ረሃቡ ሰው ማጣቱ ነው፤ የሞተበትን አልቅሶ አለመጨረሱ፣ ጓደኛው ወንበር መቀየሩ፣ ቤቱ ውስጥ ስሙ ለሥራ ካልሆነ አለመጠራቱ ነው። እኛ ደግሞ ንብ አርቢዎቹ ነን፤ ለሌላው ሁሉ ጆሮ አለን። በሬያችን ሣር እንቢ ሲል ሌሊቱን አንተኛም፤ ልጃችን እህል እንቢ ሲል ጾመኛ ነው እንላለን። ተፈጥሮው ዝምታ የሆነ ልጅ አለ፣ እሱን አላልኩህም። እኔ የምልህ ትናንት ሲጮህ የነበረው ዛሬ ዝም ሲል ነው፤ የሚወደውን ሲያድል፣ ጨዋታውን ሲተው፣ ስለ ሞት እንደ ዘበት ሲጠይቅ ነው። ኮሚቴያችሁ ደግሞ መሞት የሚለውን ቃል ብንጠራ ልጆቹን ሐሳቡን እናስተምራቸዋለን ብሎ ፈርቷል አልከኝ። አትፍሩ። ጆሮ ማስጠጋት ንብ አያስኮበልልም። ያ አባት ቃሉን በአፉ ጠርቶ ሲጠይቃት ነው ልጅቱ ያለቀሰችው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ስትገባ ልጆችህ እንዴት ናቸው ብዬህ ነበር። ትልቁ ረባሽ ነው፣ ዕረፍት አይሰጠኝም አልከኝ። ትንሹ ግን ድሮ አስቸጋሪ ነበር፣ ከአምና ጀምሮ አደብ ገዝቷል፣ ተመስገን፣ ቤት ውስጥ መኖሩም አይታወቅም አልከኝ። ይህን ስትለኝ ፈገግ ብለህ ነበር።

አምና ምን አገኘው? እኔን አትንገረኝ፤ አንተም እንደማታውቀው ከፊትህ አይቻለሁ። ወረቀቱን እዚህ ተወውና ተነሥ። እሑድ እስኪደርስ ወላጆቹ ይጠብቁ፤ አሁን ትምህርት ቤት የሚለቀቅበት ሰዓት ነው። ሂድ፣ አጠገቡ ተቀመጥ። «አባዬ» ያለህ እንደሆነ ዘወር በል።